የአፈጻጸም ሠራተኛ በር ሲያንኳኳ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ደሴ ውስጥ በፍርድ አፈጻጸም ሥራ ላይ ረዥም ዘመን ቆይቼ ከወጣሁ ወዲህ ማመልከቻ በመጻፍ እተዳደራለሁ። መቀጮ ያልከፈለ፣ ተፈርዶበት ያልፈጸመ ወይም የእግድ ወረቀት የደረሰው ሰው ሁሉ የልቡን እንዲጠይቀኝ ጋብዤ ነበር። ከመጡት ውስጥ ለሌላውም የሚጠቅሙትን መርጫለሁ። ስም አልጠቅስም፤ የጠያቂዎቹንም አነጋገር ብዙ አልነካሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰው ገጭቼ ስለነበር 4,000 ብር መቀጮ ተፈርዶብኛል። ሥራ ስለተቀዛቀዘ እስካሁን አልከፈልኩም። ባጃጁ የአሠሪዬ ነው። መጥተው ይወስዱታል?

መልስ፦ መጀመሪያ የውሳኔህን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አውጣና የመጨረሻውን ገጽ አንብብ። ዳኞች ብዙ ጊዜ መቀጮው ካልተከፈለ ምን እንደሚከተል እዚያው ይጽፋሉ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ችሎት ውስጥ ደንግጦ የሰማውን ብቻ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መቀጮ ወዲያው ይከፈል ይላል እንጂ በዚህ ብቻ አያቆምም። ፍርድ ቤቱ ጊዜ ሊሰጥህ ይችላል፤ እንደ ገቢህ ከፋፍለህ እንድትከፍልም ሊፈቅድልህ ይችላል። ይህን ግን ማንም በራሱ አነሳሽነት አይሰጥህም፤ አንተ ነህ በጽሑፍ የምትጠይቀው። ማመልከቻህ አጭር ይሁን፤ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተቀጣኸውን ገንዘብ፣ በቀን የምታገኘውንና ለአሠሪህ የምታስገባውን፣ የምታስተዳድራቸውን ሰዎች፣ በየወሩ ስንት መክፈል እንደምትችል ጻፍ። «ድሃ ነኝ፣ ይታዘንልኝ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ዳኛው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። «በየወሩ 800 ብር እከፍላለሁ፣ የመጀመሪያውን ዛሬ ይዤ ቀርቤአለሁ» የሚል ማመልከቻ ግን ለትእዛዝ የተዘጋጀ ነው።

ዝም ካልክ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ከንብረትህ ለማስከፈል ይሞክራል። ከዚያም ካልተገኘ ሕጉ መቀጮውን ወደ ሥራ የመለወጥ መንገድ አለው፤ ማለትም ዕዳህን በጉልበትህ ትከፍላለህ።

ስለ ባጃጁ፦ መቀጮ የተቀጪው ነው፣ በሌላ ሰው ንብረት አይከፈልም። ነገር ግን የምታሽከረክረው አንተ ስለሆንክ ያንተ መስሏቸው ሊይዙት ይችላሉ። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ሊብሬውን ይዞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 የመቃወም አቤቱታ ያቅርብ። አንተ በር ላይ ቆመህ «የእኔ አይደለም» ብትል ብዙም አይረዳህም፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር። መቀጮ ለመንግሥት የሚገባ ነው። የተጎዳው ሰው ካሳ ከጠየቀ ያ ሌላ ክስ ነው፤ በእርሱ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪው ባለቤት ራሱ ተጠያቂ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። ኢንሹራንስ ካሳ ይከፍላል፤ መቀጮህን ግን አይከፍልልህም።

ጥያቄ፦ በትራፊክ ፖሊስ የተጻፈብኝ ቅጣትስ? እርሱንም ፍርድ ቤት ነው የምከፍለው?

መልስ፦ አይደለም፤ ያ የአስተዳደር ቅጣት ነው። የክፍያው ቦታና ጊዜ ወረቀቱ ላይ አለ። ጊዜው ካለፈ ይጨምራል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ኪስህ ውስጥ አታሳድረው።

ጥያቄ፦ ሸዋ በር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ለጎረቤቴ የብድር ዋስ ሆኜ እርሷ ስትጠፋ 60,000 ብር ተፈረደብኝ። የአፈጻጸም ትእዛዝ ወጥቷል ብለውኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ። ምን ምን ይወስዱብኛል? እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቤትሽን ባዶ አያስቀሩትም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 የማይያዙትን ንብረቶች ዘርዝሯል። የአንቺና የልጆችሽ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ አይነካም። የሙያ መሣሪያም አይነካም፤ ስለዚህ የስፌት መኪናሽ የተጠበቀ ነው። ለሦስት ወር ለአንቺና ለቤተሰብሽ የሚያስፈልግ ምግብና ገንዘብም እንዲሁ። ይኸው አንቀጽ ለገበሬም ይደርሳል፦ ኩታበርም ሆነ ሐይቅ ያለ አራሽ ለኑሮው የግድ የሚያስፈልጉት ከብቶችና የዘር እህል በዕዳ አይወሰዱበትም።

የማይጠበቀውን ደግሞ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትደነግጪ። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ የአንገት ወርቅ ሊያዙ ይችላሉ። ሁለት የስፌት መኪና ካለሽና በአንዱ ሌላ ሰው ቀጥረሽ የምታሠሪ ከሆነ በሁለተኛው ላይ ክርክር ይነሳል፤ ከሠራተኛው ጋር ሳይሆን ከችሎት ፊት ተከራከሪበት።

ሠራተኞቹ ሲመጡ በር መዝጋትና መጮህ የተለመደ ነው። ትርፉ ግን ፖሊስ ጨምረው መመለሳቸው ብቻ ነው። ይልቅ ትእዛዙን አሳዩኝ በይ። የመዝገብ ቁጥር፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተም፣ የአንቺ ሙሉ ስምና የዕዳው መጠን እንዳለበት እይ። የሚይዙትን ዕቃ ሲጽፉ አብረሽ ቁሚ። «አንድ ፍሪጅ» ብለው ከጻፉ ስሪቱንና የሚሠራ መሆኑን አስጽፊ፤ አዲስ ፍሪጅ እንደ አሮጌ ሲገመት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መያዝ የሌለበት ነገር ከያዙ ደግሞ ስትፈርሚ «ይህ የሙያ መሣሪያዬ ነው፣ እቃወማለሁ» ብለሽ በእጅሽ ጻፊበትና በማግስቱ ለፍርድ ቤቱ አመልክቺ።

ዋስ ስለሆንሽ የከፈልሽውን ከጎረቤትሽ መልሰሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ደረሰኞችሽን አስቀምጪ፤ ሰው ጠፍቶ አይቀርም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ደመወዜ 9,600 ብር ነው። ሙሉውን ሊቆርጡ ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም። በዚያው በአንቀጽ 404 ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው አይነካም። ስለዚህ በፍርድ የሚቆረጠው ቢበዛ 3,200 ብር ነው። አንተ ፈቅደህ ለብድርና ቁጠባ ማኅበር የምታስቆርጠው ከዚህ ውጭ ነው፤ ፍርዱ ሲመጣ «ቀድሞም የሚቆረጥብኝ አለ» ብለህ ማስረጃህን አቅርብና ዳኛው መጠኑን ሲወስን እንዲያየው አድርግ። ወላጆችህ ጡረተኞች ከሆኑ ደግሞ የግለሰብ አበዳሪ ጡረታቸውን አይነካም፤ ለመንግሥት ዕዳና ለቀለብ ግን የጡረታ ሕጉ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በር ይከፍታል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ደውሎ «ከፍርድ ቤት አፈጻጸም ነኝ፤ ዛሬ በቴሌብር 5,000 ካላስገባህ ነገ እንመጣለን» አለኝ። ስሜንና ሰፈሬን ያውቃል። ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል። የአፈጻጸም ሠራተኛ በግል ስልኩ ገንዘብ አይቀበልም፣ በእጁም አይቀበልም። የፍርድ ገንዘብ በፍርድ ቤቱ በኩል ገቢ ይሆናል፤ በአደራ የሚቀመጠው ደግሞ ሞዴል 85 በሚባለው ደረሰኝ ነው፤ ለሁሉም ደረሰኝ አለው። የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቀውና ቁጥሩን ይዘህ መዝገብ ቤት ሄደህ አጣራ። ስምህንና ሰፈርህን ማወቁ አያስገርምህ፤ በደሴ ማን የማንን ሰፈር የማያውቅ አለ?

በእርግጥ የፍርድ ቤት ሠራተኛ የሆነ ሰው «ትንሽ ነገር» ቢጠይቅህም መልሱ ያው ነው። ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በጽሑፍ አመልክት።

ጥያቄ፦ በጁምዓ ወይም በእሑድ ቀን ሊመጡ ይችላሉ? ሌሊትስ?

መልስ፦ የሚመጡት በሥራ ቀን፣ በቀን ብርሃን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከቀበሌ ወይም ከፖሊስ ሰው ጋር። በሌሊት «የፍርድ ቤት ሰው ነኝ» የሚል ከመጣ በር አትክፈቱ፤ ለፖሊስ ደውሉ።

ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቤን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ሸሸሁ። ስመለስ በሌለሁበት እንደተፈረደብኝና ቤቴ እንደታገደ ሰማሁ። መጥሪያ የሚባል አላየሁም። አሁን ጊዜው አልፏል ይሉኛል። ዕድሜዬ 64 ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ «ጊዜው አልፏል» የሚለውን ከመቀበልዎ በፊት ጊዜው ከመቼ እንደሚቆጠር ይጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ በሌሉበት የተፈረደ ፍርድ እንዲነሳ ማመልከቻ የሚቀርበው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ነው። ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አይደለም። መቼና እንዴት እንዳወቁ ማስረዳት አለብዎ፤ ስለዚህ የእግዱ ወረቀት የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ነገር ይያዙ።

ሁለተኛው ማስረዳት ያለብዎ መጥሪያው በሚገባ እንዳልደረሰዎ ወይም በቂ ምክንያት እንደነበረዎ ነው። መዝገቡን ያስወጡና የመጥሪያውን ምላሽ ይመልከቱ። ማን ተቀበለው ተብሎ ተጽፏል? በየትኛው ቀን? ከተማው ባዶ በነበረበት ሳምንት «በአድራሻው ተገኝቶ ፈረመ» የሚል ከሆነ ጉዳይዎ ጠንካራ ነው። በዚያን ጊዜ የት እንደነበሩ የሚያስረዳ የመጠለያ ወረቀት፣ የሕክምና ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ምስክር ያቅርቡ። ወሩ ሊሞላ ከሆነ ሁሉም ማስረጃ እስኪሰበሰብ አይጠብቁ፤ ማመልከቻውን ያስገቡ፣ ከእርሱም ጋር አፈጻጸሙ እንዲታገድ ይጠይቁ። ሁለቱን አንድ ላይ ካልጠየቁ ክርክርዎ እየተሰማ ቤቱ ለሐራጅ ሊወጣ ይችላል።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለዎ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ። የዳኝነት ክፍያም የሚያቅትዎ ከሆነ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ክፍያ፣ እንዲታይልዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይግባኝ ብያለሁ። ታዲያ ለምን አፈጻጸም ይቀጥላል?

መልስ፦ ይግባኝ በራሱ አፈጻጸምን ስለማያግድ ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 332 ይህንኑ ይላል። እግዱን ለብቻው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አፈጻጸም ሳይጀመር ቤቱን በወንድሜ ስም ባዞረውስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በተለያየ አለባበስ ብዙ ሰው ልኮልኛል። ባለመብቱ ሽያጩ ወይም ስጦታው ዕዳውን ለመሸሽ የተደረገ ነው ብሎ ይከስሃል፤ ከዚያ ወንድምህም አብሮህ ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ዕዳ ሰው ስለደኸየ አይታሰርም፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በውል የገባውን ግዴታ መፈጸም ስላቃተው ብቻ ማንም እንዳይታሰር ይከለክላል። መክፈል እየቻለ እምቢ ያለና ንብረቱን የሸሸገ ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። ንብረትህን ስትሸሽግ ከመጀመሪያው ሰው ወደ ሁለተኛው ትሻገራለህ። ይህን ማመልከቻ ለማንም አልጽፍም።

ጥያቄ፦ ዕዳው የባለቤቴ ነው፤ ቤቱ ግን በትዳር ያፈራነው ነው። እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ ዕዳው ለምን እንደተገባ ይወሰናል። ለልጆች ትምህርት፣ ለቤት ማደሻ፣ ለጋራ ንግድ ከሆነ የጋራ ነው። የግሉ ከሆነ አስቀድሞ የግል ንብረቱ ይታይ ብለሽ ተቃወሚ፤ የጋብቻ ማስረጃና ቤቱ መቼ እንደተገኘ የሚያሳይ ሰነድ አያይዢ። ሐራጁ ከወጣ በኋላ ሳይሆን እግዱ እንደደረሰሽ።

ጥያቄ፦ በ2003 ዓ.ም. የተፈረደ የብድር ፍርድ ዛሬ ሊፈጸምብኝ ይችላል?

መልስ፦ ባለመብቱ ከፍርዱ ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ የአፈጻጸም ማመልከቻ ካላቀረበ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 384 መሠረት ጊዜ አልፎበታል ብለህ ተቃወም። በመካከሉ ያንቀሳቀሰው መዝገብ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ እርሱን አጣራ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ገበያ በሽማግሌ ፊት ግማሹን ዕዳ በእጁ ከፈልኩት። አሁን «ምንም አልተቀበልኩም» ብሎ ሙሉውን ለማስፈጸም መጥቷል።

መልስ፦ ሽማግሌዎቹን ምስክር አድርገህ ወዲያው ለአፈጻጸም ችሎት አመልክት። ሽምግልናን አልጠላም፤ የወሎ ሰው ደም እንኳ በሽማግሌ ያደርቃል። ነገር ግን አፈጻጸም ችሎት የሚያየው መዝገቡን ነው። ከፍርድ ቤት ውጭ የተከፈለ ገንዘብ መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ለችሎቱ እንዳልተከፈለ ያህል ነው። ስምምነት ካደረጋችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ለሬጅስትራር አስገቡት።

ጥያቄ፦ መቀጮዬንም የፍርድ ዕዳዬንም ከፍዬ ጨረስኩ፣ ደረሰኝ አለኝ። የባንክ ሒሳቤ ግን አሁንም እንደታገደ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግድ በራሱ አይነሳም። ባንኩ የታዘዘው በደብዳቤ ስለሆነ የሚለቀውም በደብዳቤ ነው። የደረሰኞቹን ቅጂ አያይዘህ መዝገቡ እንዲዘጋና እግዱ እንዲነሳ አመልክት። ትእዛዙ ሲሰጥ ደብዳቤው ለእያንዳንዱ የታገደ ቦታ ለየብቻ መጻፉን አረጋግጥ፤ ለባንኩ፣ ቤት ካለህ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ተሽከርካሪ ካለህ ለመንገድ ትራንስፖርት። ደብዳቤውን ራስህ አድርስና ቅጂው ላይ የተቀበለውን ሠራተኛ አስፈርም።