ባለቤቴ ፀጉሬን ካየ 2 ዓመት አለፈው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 47 ነው። በትዳር 22 ዓመት ኖሬያለሁ፤ የ3 ልጆች እናት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሹሩባ፣ በኋላም ስፌት ከራሴ ተለይቶ አያውቅም። ከ3 ዓመት በፊት እናቴ ስታርፍ ጥቁር ሻሽ አሰርኩ። ሙት ዓመቷ ወጥቶ ከሌን ሳወልቅ ግንባሬ ዳርና ከጆሮዬ በላይ ፀጉር የለም። ከዚያ ወዲህ ሻሽ ሳላስር ተኝቼ አላውቅም። ለሊት 11 ሰዓት እነሳና መታጠቢያ ቤት ቆልፌ አበጥራለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ “ሐዘኑ አልወጣላትም” ይል ነበር። አሁን “ምን ደብቀሽኝ ነው? ሌላ ሰው አለ እንዴ?” ማለት ጀምሯል። እንዳልነግረው አንድ ሰርግ ላይ የጎረቤታችን ዊግ ሲንሸራተት እንባው እስኪወርድ ስቋል። እሱ ራሱ እኮ ራሰ በራ ነው፤ በገዛ መላጣው ሲቀልድ ነው የሚውለው። በጥር ልጄን እድራለሁ። ለመልሱ ሹሩባ ሠሪ ቤት ድረስ እንደምትመጣ ነግራኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ “ፀጉር ነው፤ ምን ታካብጃለሽ” አልልዎትም። እስካሁን ዝም ያሉት ይህን መልስ ፈርተው ጭምር ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ ፀጉር ደስታም ሐዘንም ይነገርበታል። ለሰርግ ይሠራል፣ ለሐዘን ይሸፈናል፤ ድሮማ ለሐዘን ይላጭም ነበር። እርስዎ ላይ ደግሞ ሁለቱ ተደራረቡ። ሻሹን ያሰሩት ለእናትዎ ነበር። ሐዘኑ ሲያበቃ ፀጉሩ ስላልተመለሰ ሻሹ እዚያው ቀረ። ለዘመድ አዝማድ ሁለተኛ ሐዘን መቀመጥዎን የሚነግር ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ከደብዳቤዎ ደጋግሜ አነበብኩ። ባለቤትዎ በራሳቸው መላጣ ይቀልዳሉ፣ በሴት መላጣ ግን ይስቃሉ። ይህ የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም። ወንድ ከፊት ሲመለጥ “ጎልማሳ ሆነ” ይባላል፤ ሽበት ሲጨመርበት ለሽምግልና ይፈለጋል። ካልፈለገም ሙሉውን ተላጭቶ ይገላገላል። ሴት ስትሆን ወሬው ከጀርባዋ ነው፤ ሽበቷንም በቀለም ታጠፋለች። ዕድሜ ግን ሁለቱንም ይነካል። ከወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ፀጉራቸው ይሳሳል። ሴቶችም ወር አበባ ሊቋረጥ በሚቃረብበት ዕድሜ፣ ማለትም በእርስዎ ዕድሜ፣ መሳሳቱን ያዩታል። ልዩነቱ ወንዱ በአደባባይ መሳቁ፣ ሴቷ በር መቆለፏ ነው።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። የጎረቤትዎ ዊግ ላይ መሳቃቸው ነውር ነው፤ አላለባብስላቸውም። ግን የሳቁት ሚስታቸውም በዚያው መንገድ ላይ መሆኗን ሳያውቁ ነው። በእሳቸው ቦታ ሆነው ደግሞ ይዩት። ሚስታቸው ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ በር ትቆልፋለች፣ ሲጠጓት ትሸሻለች። የሚያውቁት ይህንን ብቻ ነው። ምክንያቱን ያልነገሩት ሰው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፤ በትዳር ውስጥ ደግሞ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። የቅናት ጥያቄያቸው ቢያናድድዎትም በጊዜ መልስ ይፈልጋል።

ስለዚህ ይንገሯቸው። ጠብ መሀል አይሁን፤ መኝታ ላይም አይሁን። ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡና ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ ይናገሩ፣ ሻሹን የሚፈቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያው ቀን መፍታትም ግዴታ የለም። ንግግሩን አያርዝሙት። “እማዬ ከሞተች ወዲህ ፀጉሬ አልቋል። የምሸፍነው አንተ እንዳታየኝ ብዬ ነው። የዚያች ሴት ዊግ ሲወልቅ የሳቅከው ሳቅ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።” ይበቃል። ቀጥለው የሚፈልጉትን ይጠይቁ፦ ቀልድ አልፈልግም፣ ለሰው እንዳትናገር።

ባለቤትዎ ምናልባት “ምን አለበት፣ እኔስ መላጣ አይደለሁ?” ይሉ ይሆናል። ቅር እንዳይልዎት። እንዲህ ያለው አነጋገር የብዙ ወንዶች ማጽናኛ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ቃል ስላጡ ነው። እውነቱን ከሰሙ በኋላም ቢያፌዙ ወይም “ሌላ ሰው አለ” የሚለውን ካልተዉ ግን ጉዳዩ ከፀጉር አልፏልና ሁለታችሁም ወደ ባለሙያ ኑ። እርስዎም እንቅልፍ፣ ምግብና ሰው አስጠልቶዎት ከሆነ እስከዚያ አይጠብቁ። 3 ዓመት ሙሉ ያልቀለለ ሐዘን ለብቻው ሕክምና ይፈልጋል።

ፀጉሩን የሚመረምረው የቆዳ ሐኪም ነው፤ እኔ የማውቀውን ያህል ልንገርዎት። ከባድ ሐዘን ፀጉር ያረግፋል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይጀምርና ከመላው ራስ ላይ ያሳሳል፤ ከወራት በኋላም ይመለሳል። የእርስዎ ግን የግንባር ዳርና የጆሮ በላይ ነው። ያ ቦታ ጠበቅ ያለ ሹሩባና ስፌት ለዓመታት ሲስበው የሚጎዳ ቦታ ነው። መሳቡ በጊዜ ከቆመ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል፤ ሥሩ ጠባሳ ካበጀ ግን አይበቅልም። ቅቤ ያለውን ፀጉር ያለሰልሳል እንጂ የሞተ ሥር አያነሳም። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ፀጉር ስለሚያሳሱ ሐኪሙ የደም ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ሰው ያወራለትን ቅባት ከፋርማሲ ገዝተው ከመጀመርዎ በፊት ይታዩ።

የሰርጉ ነገር ብዙም አያስጨንቅም። ከሀበሻ ቀሚስ ጋር የተመረጠ ሻሽ ወይም ነጠላ የሙሽራ እናትን የሚያስጠይቅ አይደለም። የሚያስፈልገው ልጅዎ ቀድማ ማወቋ ነው፤ አለበለዚያ ሹሩባ ሠሪዋ ፊት ትጎተጉትዎታለች። መሠራት ካማረዎት ከመሀል ወደ ኋላ፣ ላላ ብሎ ይሠራ፤ ዳር ዳሩ አይነካ። ካመመዎት ወይም ዳሩ ላይ ትንንሽ እባጭ ካወጣ ጠብቋል ማለት ነውና ያስፈቱት።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ስፌት ካለ ፈትተው፣ ቅቤም ሳይቀቡ ይሂዱ፤ ቆዳው መታየት አለበት። የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ስሙን ይያዙ። ባለቤትዎ አብሬ ልምጣ ካሉ እሺ ይበሏቸው።