የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ስለ ክፍል ውሎና ስለ ንባብ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ውሎዎ ምን ይመስላል?

መልስ፦ 2 ሰዓት ሳይሞላ ግቢ እገባለሁ። ልጆቹ የምገባ ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ ከዚያ ሰልፍ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ክፍል። እርሳሱ ያልተቀረጸ አለ፣ ላጲሱ የጠፋበት አለ፣ «ቲቸር መታኝ» አለ፣ «ቲቸር ሽንት ቤት» አለ። ይሄ ሁሉ ጠመኔ ሳላነሳ ነው። ከሰዓት ደብተር አርማለሁ፤ ማታ የነገውን ዕቅድ እጽፋለሁ። በቀኑ ውስጥ የምሳሳለት ግን አንድ ሰዓት ነው፤ ልጅ ብቻውን ሲያነብ የምሰማበት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ይወጣዋል። መጽሐፍ ስሰጠው ግን ዝም ይላል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ የያዘው ዜማውን ነው። ፊደሉን ገና አልለየም። ነጭ ወረቀት ውሰጂና አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቅደጂበት። ገበታው ላይ «ቱ»ን አሳዪው። ከ«ተ» ተነስቶ «ተ፣ ቱ» ካለሽ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ከ«ሀ» ከጀመረ ደግሞ አዲስ ጀምሩ።

ብዙ ልጅ የሚቸገረው ሳድስ (ስድስተኛው ቅርጽ) ላይ ነው። ካዕብን (ሁለተኛውን) እዪው፤ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቱ፣ ሁሉም በቀኝ አንድ ዓይነት ቅጥያ አላቸው። ሳድስ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ል፣ ም፣ ር፣ ን፣ ት እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይለወጣል። ድምፁም ያስቸግራል። «ልጅ» ብለሽ ጻፊ፤ ሁለቱም ሳድስ ናቸው፤ «ል» አናባቢ አላት፣ «ጅ» የላትም። አማርኛ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ነው። ስለዚህ ገበታው እስኪያልቅ አትጠብቂ። «ቤት»፣ «ውሻ»፣ «ልጅ» ብለሽ ከቃል ጋር አስተምሪው። ተና ቸን፣ ነና ኘን በአንድ ቀን አታምጪበት፤ ይቀላቅላቸዋል።

በአጭሩ፣ በዜማ ያለ ሁሉ አንባቢ አይደለም።

አስተያየት፦ በዚህ አልስማማም። እኛ ቄስ ትምህርት ቤት በዜማ ተምረን ነው ዳዊት የደገምነው።

አስተያየት፦ ያኔ እኮ አለንጋም ነበር።

አስተያየት፦ አለንጋውን ምን አመጣው? የኔታ ባይኖሩ አባቴ ፊደል አይቆጥርም ነበር።

አስተያየት፦ የኔታን ማን ነካ? ስለ ዱላ ነው ያወራሁት።

መልስ፦ ስለ ዱላ ሌላ ቀን እናውራ፤ ልጅ መምታትን ግን እቃወማለሁ። የኔታ የሠሩትን ደግሞ በደንብ እንየው። ልጁ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ነበር የሚለው። ብቻውንም ፊታቸው ቁጭ ብሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ አቡጊዳ የሚባለው ሌላው የፊደል ተራ ይመጣል። አ ግዕዝ ናት፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። ተራው ተበጥብጧል! ሀ ሁ ሂን የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ካላየ እዚያ ላይ ይጋለጣል። እኛ ዜማውን ወስደን ስንደዶውን ጣልነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ከጓደኞቻቸው ጋር እኩል ሲጮኹ የከረሙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ደሞዙ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ወደ ንባቡ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርቱ ደካማ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንተኛ ክፍል ነው? ምን ሲሠራ ነው የሚደክመው? ማንበብ ነው፣ መጻፍ፣ መቁጠር? ሰሌዳው በደንብ ይታየዋል? እንዲህ ተጠይቆ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የእኔም ልጅ ፊደል ያውቃል ግን አያነብም። መፍትሔ ካለ?

መልስ፦ ከላይ በዝርዝር መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። ቀዳዳ ያለው ወረቀት።

ጥያቄ፦ የግል ይሻላል የመንግሥት?

መልስ፦ ልጅሽን ብቻውን የሚያስነብብ መምህር ያለበት።

ጥያቄ፦ ጀማሪ መምህር ነኝ። ሃምሳ ልጅ ይዤ እንዴት አንድ በአንድ ልስማ? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም አትሰማም። ከሰሌዳ ሲገለብጡ አሥር ልጅ ተራ በተራ ወንበርህ አጠገብ ጥራ። ለአንድ ልጅ ሦስት አራት ቃል ይበቃል። በሳምንት ሃምሳውን ጨረስክ። ስማቸውን ጻፍና የሳቱትን ፊደል ከጎኑ መዝግብ፤ የሰኞ ትምህርትህ ከዚያ ይወጣል። መጨረሻ ወንበር ላይ ጸጥ ብላ የምትቀመጠውን ልጅ መጀመሪያ ጥራት። የሚረብሸውን ማንም አይረሳውም፤ ጸጥተኛዋ ግን አፏን ከሌሎቹ ጋር እያንቀሳቀሰች ዓመቱን ትጨርሳለች። በጋራ ማስባል ለመክፈቻ ጥሩ ነው። በዜማ ያለ ሁሉ ግን አንባቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ ፊደል ግን አታውቅም። ስድስት ዓመቷ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስሟ። ቀጥሎ «እማዬ»፣ «ዳቦ»፣ «ውሃ»። በወረቀት ጽፈሽ ዕቃው ላይ ለጥፊ፤ በሳምንቱ ወረቀቶቹን አንስተሽ ቀላቅይና ራሷ ትመልሳቸው። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከምታስጠኛት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይሻላል። የሀ ሁ መዝሙር ከከፈትሽላትም ገበታው ፊቷ ይሁን፤ በጣቷ እየነካች ትበል።