ሐይቁ ለምን አልተሸፈነም?

ልጆች፣ ለሞዴሊንግ ውድድር፣ ማለትም የገሃዱን ዓለም ጥያቄ በሒሳብ ቀመር ለሚፈታበት ውድድር፣ ቡድን ልታቋቁሙ ነው አሉ። ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ውኃ ስለካ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እዚህ ባሕር ዳር ጥቂት ቡድኖችን አለማምጃለሁ። እስኪ ትንሽ ላውጋችሁ።

አሜሪካ የሚዘጋጀው የሒሳብ ሞዴሊንግ ውድድር ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ አለ። ቢበዛ ሦስት ተማሪ፣ አንድ ጥያቄ፣ አራት ቀን። መጽሐፍና ኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ከቡድኑ ውጭ ሰው ማማከር ግን ክልክል ነው። ብትደውሉልኝም አላነሳም።

ሦስት ኮድ የሚችል ልጅ አትሰብስቡ። ይህን ስህተት እኔው ሠርቼዋለሁ። ሦስቱም ጎበዞች ነበሩ፤ ሦስቱም ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው አደሩ። በመጨረሻው ሌሊት ሪፖርቱን የሚጽፍ ጠፋ። ግራፉ ያምራል፤ ምን እንደሚል የሚያስረዳ ግን የለም። አንዳችሁ ጸሐፊ ሁኑ፤ ጽሑፉም ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። (መብራት ስለሚጠፋ ሥራችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ይኼን እንኳ ታውቁታላችሁ።)

ልምምዱን ከጣና ጀምሩ። እምቦጭ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል እንበል። ከአንድ ሄክታር ተነሡ። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 300,000 ሄክታር ነው። ኮምፒዩተሩን ዝጉና በእርሳስ አባዙት። በ19ኛው እጥፍ ሐይቁ በአረም ተሸፍኖ አለቀ። 38 ሳምንት፤ ዘጠኝ ወር እንኳ አይሞላም።

አረሙ ጣና ላይ የታየው ግን በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ታዲያ ሐይቁ ለምን ዛሬም ውኃ ነው?

አንዷ ተማሪ «ጋሼ፣ ሒሳቡ እኮ ትክክል ነው» ብላ ድርቅ አለችብኝ። ሒሳቡማ ትክክል ነው! ተያይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አስጋሪ አገኘን። «ማታ እዚህ ያየሽው ጠዋት ማዶ ነው። ነፋስ ነው የሚነዳው» አላት። ደብተሯን አወጣች።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱ እየጎተተ ወሰዳቸው። አረሙ የሚበዛው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። ለምን? መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከእርሻው አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው የሚገቡት በዚያ ነው። ውኃው ሲሸሽ ዳር የቀረው አረም ይደርቃል። ገበሬውም ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ ይነቅላል። ቦታ ሲጠብ ደግሞ ዕድገቱ ራሱ ይዘገያል። ልጆቹ ሁሉንም ቀመሩ ውስጥ ሊከቱ ፈለጉ። ከለከልኳቸው። ሁለት ምረጡ፣ የተዋችሁትንም ለምን እንደተዋችሁት ጻፉ አልኳቸው። ተኮራረፍን፤ ግን ሠሩት።

የሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ማጠቃለያ ነው፤ ዳኞች ቀድመው የሚያነቡት እሱን ነው። ያቺ ድርቅ ያለችው ልጅ አምስት ጊዜ ቀድዳ እንደገና ጻፈችው። የመጨረሻው እንዲህ ብሎ ይጀምር ነበር፦ «የመጀመሪያው ሞዴላችን ጣና በ38 ሳምንት ያልቃል አለን። አላለቀም።»