ሰልፍ፣ ደረሰኝና ምስክርነት፦ ስለ ጥሩ ዜግነት ለጠየቃችሁኝ

«ጥሩ ዜጋ የምትሉት ምን ዓይነቱን ሰው ነው?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው በዝቶ መጣ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ፣ ረዣዥሞቹን አሳጥሬ፣ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ተማሪ ነው። ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሲያልፍ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ መዝሙር ይዘመራል። «እኔ ያለሁት ከአጥሩ ውጭ ነው፤ መቆም አለብኝ?» ይላል።

መልስ፦ ቁም። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድብህም።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ከደሴ። ትልቁ ልጇ የሥነ ዜጋን 11 እሴቶች በቃሉ ይወጣቸው ነበር፤ ታናሹ ደግሞ አሁን ግብረ ገብ ይማራል። በቅርቡ ባለቤቷ ታናሹን ይዞ ቴሌቪዥን ሊገዛ ሄደ። ነጋዴው «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲል አባት «ያለ ደረሰኝ» አለ። ልጁ ቤት ገብቶ እናቱን «አባዬ ሰረቀ እንዴ?» አላት። ምን ልመልስለት? ትላለች።

መልስ፦ ልጅሽ ትምህርቱ ገብቶታል። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ነበር፤ በደርግ የፖለቲካ ትምህርት መጣ፤ ቀጥሎ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ሆነ። መንግሥት ሲቀየር የመጽሐፉ ስም ይቀየራል። ልጅ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ እናትና አባቱን ነው የሚያጠናው።

ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩለት። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ቴሌቪዥኑ 20 ሺህ ብር ከሆነ ታክሱ 3 ሺህ ብር ነው። «ያለ ደረሰኝ» ሲባል ያ 3 ሺህ ብር የሕዝብ መሆኑ ይቀርና ሻጭና ገዢ ይካፈሉታል። አንዳንዴማ ገዢው ታክሱን ጨምሮ ይከፍልና ደረሰኙን ሳይቀበል ይወጣል። ያን ጊዜ ሙሉው ነጋዴው ኪስ ይቀራል። ጉሊት ላይ ሽንኩርት ስትገዢ ደረሰኝ ጠይቂ እያልኩሽ አይደለም። የታክሱ ተመዝጋቢ የሆነ ሱቅ ግን ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ባለቤትሽ «መንግሥት ብሩን ምን እንደሚያደርግበት ማን ያውቃል?» ይል ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ይጠይቅ። ሳይከፍሉ መጠየቅ ግን አንገት ያስደፋል። ለልጁም አባቱ ራሱ ቢመልስለት ይሻላል። «ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም» ብሎ አባት ለልጁ ሲናገር መስማት ከየትኛውም የክፍል ትምህርት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ምርጫ ላይ አለመምረጥ ያስቀጣል ወይ?

መልስ፦ አያስቀጣም። በእኛ ሕግ መምረጥ መብት ነው። ዕድሜዎ 18 ከሞላ ይመዝገቡ፤ ከዚያ ይወስኑ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ነው። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነበረው። የአክስቱ ልጅ እዚያ ትሠራለች። ደወለላት፤ በጓሮ በር አስገባችው፤ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ወጣ። ሻይ መጠጫ አልሰጠም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጓደኛው ግን «ይሄም ሌብነት ነው» አለው። «ማንን በደልኩ?» ይለኛል።

መልስ፦ ይህን እንደ ጥያቄ ማየትህን አከብራለሁ። ብዙዎቻችን ጉዳይ ሲኖረን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» ብለን አይደለም። «እዚያ ሰው አለህ?» ነው የምንለው። የበደልከው ሰውም አለ። ስሙን አታውቀውም እንጂ።

በቅርቡ አንድ ወረዳ አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ። ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ይዘውታል። መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ከወንበሩ ከፍ ይሉና ሌላ ቁጥር ሲጠራ ይመለሳሉ። ተራቸው ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር አንድ ሰውዬ ጥበቃውን በስም ሰላም ብሎ ወደ ውስጥ አለፈ። የመስኮቱ ሠራተኛ ተነሥቶ ተከተለው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ምሳ ሰዓት ሆኗል። ከሰዓት ደግሞ «ሲስተም የለም» ተባለ። እናትየዋ «ነገ ይምጡ» ተብለው ሄዱ። የሰው ቤት ልብስ አጥበው ነው የሚያድሩት፤ ነገ መምጣት ማለት የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው። ጉቦ የሰጠም የተቀበለም አላየሁም። አንድ ሰው የሚያውቀውን ሰው ረዳ፤ በቃ።

እኛ ለምናውቀው ሰው ክፉዎች አይደለንም። ዕድራችንን ተመልከት። ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ንፍሮው ይቀቀላል። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም ሳያጉረመርም ይከፍላል። ደቦው፣ ዕቁቡ፣ ማኅበሩም እንደዚያው ነው። ይህን ሁሉ ያቆምነው ማንም ሳያዘን ነው። ዕድር ግን አባላቱን በስም ያውቃል፤ መዝገብም አለው። አገር ውስጥ ያለው ሰው ከ100 ሚሊዮን ይበልጣል። አብዛኛውን እስክትሞት አታገኘውም። ስለ ዜግነት ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው እዚህ ጋ ነው፤ ለወገንህ ጥሩ መሆንህን ቤተሰብህ ይመሰክርልሃል፤ ጥሩ ዜጋ መሆንህ ግን የሚታወቀው ለማታውቀው ሰው በምታደርገው ነው።

አንችልም እንዳትለኝ። ማታ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቁም። ብዙ ጊዜ ፖሊስ የለም። የደከመው፣ የራበው፣ ዝናብ የሚመታው ሰው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ሾልኮ ሊገባ ሲል ከኋላ «ሰልፍ አለ እኮ!» የሚል ድምፅ ይነሣል፤ ሰውየውም አፍሮ ወደ ጭራው ይሄዳል። እዚያ የተበደለው ሰው ፊት ለፊት ይታያል። በጓሮ በር ስንገባ ግን ግድግዳ ይጋርደናል። እኚያ እናት ግድግዳው ማዶ ናቸው።

«ሥርዓቱ ራሱ ካልተበላሸ ማን ዘመድ ይፈልጋል?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ዶክተር ዘመዷን ብትጠራ እኔ አልፈርድባትም። አንተ ግን መጠበቅ ትችል ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ባለሥልጣን እናማለን፤ የራሳችን ሰው ሲሾም ደግሞ የመጀመሪያው ጠያቂ እኛው ነን። የአክስትህንም ልጅ አስብላት። ዛሬ አንተን በጓሮ አስገባች፤ ነገ ያንተ ጓደኛ ይደውልላታል። እምቢ ካለች «ኮራች» ትባላለች፤ እሺ ካለች እንጀራዋ አደጋ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች እያንዳንዱ ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ቁጥር ውሰድና ተቀመጥ። ያለ ምክንያት ካመላለሱህ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ። ከዚያ ወደ ቅሬታ ሰሚ ሂድ። እዚያም ካልተሳካ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በ1992 በወጣ አዋጅ የተቋቋመ ነው፤ አቤቱታ ለማቅረብ አይከፈልም። ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንተ የተማርክ፣ መጻፍ የምትችል፣ ሰው የማትፈራ ነህ። አንተ ካልሄድክበት ፌስታል ይዘው የሚጠብቁት እናት እንዴት ይሂዱበት?

ጥያቄ፦ ከቢሾፍቱ አንድ ሹፌር። ሌሊት መኪና የገጨው ሰው አስፋልት ዳር ወድቆ አየ። «አንተ ነህ የገጨኸው እንዳልባል፣ ምስክር ሆኜም ስመላለስ እንዳልኖር» ብሎ አለፈ። እንቅልፍ አጥቻለሁ ይላል።

መልስ፦ ፍርሃቱን እረዳዋለሁ። ማለፉን ግን ልቀበልልህ አልችልም። ነግ በኔ ነው፤ አንተም የምትውለው መንገድ ላይ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 575 ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ጥሎ የሚሄደውን ይቀጣል። ሌላ ቀን ቢገጥምህ መኪናህን ራቅ አድርገህ አቁም፤ የአደጋ መብራት አብራ፤ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውል፤ ለፖሊስም ያየኸውን ብቻ ተናገር። ቁስለኛውን እንዴት እንደምትይዘው ከእኔ አትማር። የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ሥልጠና ውሰድ፤ ሹፌር ሆነህ ይህ ሊቀርብህ አይገባም። ስላለፈው ሌሊት ደግሞ የሕግ ባለሙያ አማክርና ለፖሊስ ተናገር። የዚያ ሰው ቤተሰብ ምን እንደደረሰበት የሚነግረው እየፈለገ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። አለቃዋ በሐሰተኛ ደረሰኝ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ሲያወራርድ ደርሳበታለች። ዝም ልበል ወይስ ልናገር?

መልስ፦ ይነገራል። ግን ነገ ጠዋት ተነሥተሽ አይደለም። አደራሽን፣ ለማንም ከመናገርሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ፤ ለሥራ ባልደረባም አታውሪ። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚያደርግ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው። በአንቺ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚከላከልልሽ የሚነግርሽ ግን የሕግ ሰው ነው። ከዚያ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም የክልልሽ ኮሚሽን ጥቆማ ይቀበላል። ድፍረትሽ እንዳይባክን ነው ይህን ሁሉ የምለው።

ጥያቄ፦ «እኅቴን ያገባው ሰው መንግሥትን በተቸሁ ቁጥር አገርህን አትወድም ይለኛል።» ከጎንደር።

መልስ፦ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን ምሁር ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ያስታውሱት። የዘመኑን አስተዳደርና የግብር አሰባሰብ አምርሮ የተቸ ሰው ነው። ያው ሰው የድሬዳዋን ጉምሩክ ይዞ መንግሥቱን አገልግሏል። ትችቱም አገልግሎቱም ከአንድ ልብ የወጡ ናቸው። እርስዎም ሲተቹ ሐሜት ሳይሆን የሚያውቁትን ይዘው ይተቹ። አማችዎን ደግሞ በበዓል ቀን አይከራከሩት።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የአሜሪካ ዜግነት ከወሰደ ቆይቷል። «ልቤ ኢትዮጵያዊ ነው» ይላል። የጁሪ ጥሪ፣ ማለትም ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሌሎች ተራ ዜጎች ጋር ፍርድ እንዲሰጥ የሚጠራበት ደብዳቤ ሲመጣለት «እኔን አያገባኝም» ብሎ ጣለው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ መምረጥ እንደሚችልም ይጠይቃል።

መልስ፦ ከሕጉ ልጀምር። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላሉ። ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ ቤት ለማፍራትም ይፈቅዳል። መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም። ኑሮውን ኢትዮጵያ አድርጎ የውጭ ዜግነቱን ለሚተው ሰው የመመለሻ መንገድ አለ። ይህን ለመወሰን ኤምባሲውንና የሁለቱን አገሮች ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግሩ፤ እኔን አምነው ፓስፖርት እንዳይመልሱ።

የጁሪው ነገር ግን አስቆጥቶኛል። ቃለ መሐላ የፈጸሙበት አገር ነው። እዚያ የተከሰሰ አንድ የማያውቁት ሰው ዕጣ ፈንታው እንደ እርስዎ ባሉ 12 ሰዎች እጅ ሊወድቅ ይችላል። እንግሊዝኛው የሚያቅተው አበሻ ቢከሰስስ? ስሙን በትክክል የሚጠራለት፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው እዚያ ወንበር ላይ እንዲኖር አይመኙም? ጥሪውን ችላ ማለት በሕግም ያስጠይቃል፤ ለፍርድ ቤቱ ዛሬውኑ ይደውሉ። ኢትዮጵያን መውደድዎ ለሚኖሩበት አገር ባይተዋር ያደርግዎታል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ «ሥራ አጥ ነኝ፤ ለአገሬ የምሰጠው ገንዘብ የለኝም።» ከጅማ።

መልስ፦ ጤነኛ ከሆንክ ደም ስጥ። ዕድሜህ 18 ከሞላና ክብደትህ ከ45 ኪሎ ካላነሰ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላለህ፤ የቀረውን እዚያው ይመረምሩሃል። ስትወልድ ደም የፈሰሳት አንዲት የማታውቃት እናት ትድንበታለች።

ጥያቄ፦ ልጅ ከወለድን ሁለት ወር ሆነን። የልደት ምስክር ወረቀት ትምህርት ቤት ሲገባ ብናወጣለትስ?

መልስ፦ አይሆንም። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንድ ወር ይቀራችኋል፤ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቁጥርም ውሰዱ።