ትሬነር ከማዘዝህ በፊት የኋላ ጎማህን አውጣ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ከቤት የምወጣው ሳይነጋ፣ የምገባው መሽቶ ስለሆነ ሳይክሌ በረንዳ ላይ አቧራ ጠጥቶ ቀረ። ማውንቴን ነው፤ ባለ 27 ማርሽ፣ ፍሬኑ ዲስክ፣ ጎማው ጥርሳም። የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከሜሪላንድ ሲመጣ ዝዊፍት የምነዳበት ትሬነር ይዞልኝ ይመጣል። ጎማው ሮለር ላይ የሚያርፈው ይሻለኛል ወይስ ጎማው ወጥቶ ሳይክሉ በቀጥታ የሚገጠምበት? መብራት ሲሄድስ ምን ይውጠኛል?»

ለማያውቅ፦ ትሬነር ሳይክልን ባለበት አቁሞ ቤት ውስጥ ለመንዳት የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ዝዊፍት ደግሞ ከእሱ ጋር ተገናኝቶ መንገዱን ስክሪን ላይ የሚያሳይ መተግበሪያ ነው። ወንድሜ፣ ስለ ማርካ ከመጠየቅህ በፊት ሳይክልህን ገልብጥና የኋላ ጎማውን አውጣ። ዕቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ አልገጥምም ቢል ሜሪላንድ ድረስ ሄዶ የሚቀይርልህ የለም።

መጀመሪያ አክሰሉን እይ። ጎማው በእጅ ተገልብጦ በሚላላ መያዣ የታሰረ ከሆነ፣ ጎማው ይገባበት የነበረውን የፍሬም ክፍተት በሚሊሜትር ለካ። ማውንቴን ላይ ብዙውን ጊዜ 135 ታገኛለህ። መያዣ ሳይኖረው 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ እየተፈታ የሚወጣ ከሆነ ግን 142 ወይም 148 ሊሆን ይችላል። የለካኸውን ቁጥር ለአጎትህ ልጅ ላክለት፤ ለዚያ ልክ የሚሆነው መግጠሚያ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ከፍቶ ይይ። አንዳንዴ ለብቻው ነው የሚሸጠው።

ቀጥሎ ማርሹ። 27 የሚባለው የፊቱ 3 በኋላው 9 ተባዝቶ ነው፤ ትሬነሩን የሚመለከተው 9ኙ ብቻ ነው። ጎማውን ይዘህ የኋላ ጥርሶቹን ወደ ኋላ አዙራቸው። መሐል ያለው የመፍቻ ማስገቢያ አብሯቸው ከዞረ ካሴት ነው፤ ጥርሶቹ ብቻቸውን ተፈትተው የሚወጡበት ዓይነት ማለት ነው። ጥርሶቹ ዞረው እሱ ባለበት ከቆመ ግን ጠቅላላው እንደ ቡሎን ተጠምዝዞ የሚገባ የድሮ ዓይነት ነው፤ ርካሽ ባለ 7 ሳይክሎች ላይ የሚታየው ይኸው ነው፤ በቀጥታ የሚገጠም ትሬነር ላይ አይገባም። የአንተ ባለ 9 ስለሆነ ካሴት መሆኑ አይቀርም። የሺማኖ ባለ 9 ካሴት በብዛት በሚሸጡት ትሬነሮች ላይ ይገባል፤ ነገር ግን ማስገቢያቸው በባለ 11 ልክ የተሠራ ስለሆነ ከካሴቱ ኋላ ወደ 1.8 ሚሊሜትር የምትወፍር ቀለበት ትገባለች። ይቺን ቀለበት ከካርቶኑ ጋር የሚጥላት ብዙ ነው። እሷ ከሌለች ካሴቱን የፈለግኸውን ያህል ብታጠብቀው በእጅህ ስትነቀንቀው ኳ ኳ ይላል፣ ካቴናውም ከማርሽ ማርሽ እየዘለለ ያስቸግርሃል። ካሴት ራሱ ከትሬነሩ ጋር የማይመጣበት ጊዜ ስላለ ይህንንም ጠይቅ። አንድ ጥርስ ብቻ ተገጥሞላቸው ማርሹን በመተግበሪያው የሚቀይሩም አሉ፤ ጥሩ ናቸው፤ የምትነዳበት መተግበሪያ የሚደግፈው መሆኑን ግን አስቀድመህ አረጋግጥ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። ለአንተ በቀጥታ የሚገጠመውን እመርጥልሃለሁ፤ ምክንያቴ ጎማህ ነው። ጥርሳም ጎማ ሮለር ላይ ሲዞር ያጓራል፣ ይግላል፣ በወራት ውስጥም ጥርሱ ተበልቶ ያልቃል። ያንን ለማዳን ለስላሳ ጎማ መግዛት አለብህ፤ ከገዛህም በኋላ መንገድ ላይ ልትወጣ ባልህ ቁጥር ጎማ ስትቀይር ልትኖር ነው። በዚያ ላይ ሮለሩ ጎማውን የሚጫንበት ኃይልና የጎማው ንፋስ በተለዋወጠ ቁጥር ዋቱም፣ ማለትም የምትረግጥበት ኃይል ልክ፣ ይለዋወጣል። የሮለሩ ዓይነት ስህተት እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ነው፤ 200 ዋት ስትረግጥ 190ም 210ም ሊያሳይህ ይችላል። መካከለኛ ዋጋ ያለው ቀጥታው 2 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ከ196 እስከ 204 ባለው ውስጥ ይቆይልሃል። መተግበሪያው ላይ ዳገት ሲመጣ ትሬነሩ ፔዳሉን ያከብድብሃል፤ እስከ 16 በመቶ ዳገት የሚያሳይ ከበቂ በላይ ነው፤ ለ20ና ለ24 በመቶ ተጨማሪ ዶላር እንድታወጣ አልፈልግም። ብሉቱዝ ይኑረው እንጂ ስለ ሌላው የግንኙነት ዓይነት ብዙ አትጨነቅ። ስልክህ ላይ ከፍተኸው የረሳኸው መተግበሪያ ግንኙነቱን ከያዘው ላፕቶፕህ ትሬነሩን እንደማያገኘው ግን አትርሳ።

የመብራቱ ነገር ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው ቮልቴጁ ነው፦ አሜሪካ የሚሸጠው ለ120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ነው። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተብሎ ከተጻፈ መሰኪያውን ብቻ ትቀይራለህ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግድግዳ ላይ እንዳትሰካው። ሁለተኛው መሄድ መምጣቱ ነው። መብራት ሲሄድ የብዙዎቹ ትሬነሮች ጭነት ይጠፋል፤ ፔዳሉ በባዶ ይሾራል፣ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ያኔ ነቅለህ ጠብቅ፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ሲመጣ ነው። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ካለህ ትሬነሩንም ዋይፋዩንም እሱ ላይ ሰካቸው። ታክስ ኒዮ የሚባለው ትሬነር ሳይሰካም ከራስህ እግር ኤሌክትሪክ እያመነጨ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ሰፈርህ መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ከሆነና ገንዘቡም ካጠረ ሌላ መላ አለ። በውስጡ ባለው ፈሳሽ ጭነት የሚሰጥ ተራ የሮለር ትሬነር ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ጎማው ላይ የፍጥነት ሴንሰር ታስርበታለህ፤ ዝዊፍት ከፍጥነቱ ተነስቶ ዋቱን ይገምታል። ዳገቱ እግርህ ላይ አይመጣም፣ ለስላሳ ጎማም ያስፈልግሃል፣ ላቡ ግን አይቀርም።

ዝዊፍት በየወሩ በዶላር ነው የሚከፈለው፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከሌለህ ማይዉሽ በሚባለው ተመሳሳይ መተግበሪያ ጀምር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ እ.ኤ.አ. የ2024 የሳይክል ኢስፖርት (በትሬነርና በስክሪን የሚደረግ ውድድር) የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜም አቡ ዳቢ ላይ የተካሄደው በእሱ ነው። ዳታ ይበላል ብለህ አትስጋ፤ ሥዕሉ አንዴ ከወረደ በኋላ የሚመላለሰው ቁጥር ብቻ ነው። ዋትህ ከባሕር ጠረፍ ሰዎች አንሶ ብታየውም ትሬነሩን አትጠርጥር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው።

ክብደቱንም አስብ። ዋሁ ኪከር ኮር የሚባለው በቀጥታ የሚገጠም ትሬነር ለምሳሌ 18 ኪሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ስለሆነ ካርቶኑና ካሴቱ ሲጨመሩበት የሚተርፍ ቦታ የለም። እግሮቹ ተፈትተው በልብስ ተጠቅልለው ይምጡ።

ቤት ሲገባ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አንጥፍ። ታች ላለው ጎረቤትህ የሚደርሰው ድምፁ ሳይሆን የወለሉ ንዝረት ነው። ፎጣ መሪው ላይ ጣል አድርግ፣ ቬንትሌተርም ፊትህ ላይ ይሁን። አንድ ደንበኛዬ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የነዳበትን ሳይክል አምጥቶልኝ መሪውን የሚይዙትን ቡሎኖች ልፈታ ስል ጭንቅላታቸው በላብ ዝገት ተበልቶ ቁልፉ ተሽከረከረብኝ፤ በመሰርሰሪያ ነው ያወጣኋቸው።

ጎማው ከወጣ በኋላ የኋላ ፍሬንህን እንዳትጨብጥ። መሐሉ ዲስክ ስለሌለ ሸራዎቹ ይጋጠሙና ጎማውን ስትመልስ ዲስኩ አልገባ ይልሃል። አራት ጊዜ የታጠፈ ካርቶን በመካከላቸው ሰክተህ ተወው። ረስተህ ከጨበጥኸው ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በሸራዎቹ መካከል አስገብተህ ቀስ እያልህ ፈልቅቃቸው፤ ይመለሳሉ።