አራት ጓንት

ልጆች፣ ጣሊያን የደረስኩ ቀን አሰልጣኙ ሻንጣዬን አይቶ ሳቀ። አራት የቤዝቦል ጓንት ነበረበት። አንዱ ክብና ወፍራም ነው፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ለሚቀልበው ለካቸር። አንዱ የመጀመሪያውን ቤዝ (ሯጩ የሚረግጠውን ማረፊያ) ለሚጠብቀው የሚሆን ረዘም ያለ። ሌላው ትልቅ፣ ሜዳው ጥግ ለሚሮጠው። አራተኛዋ ትንሽዬ የሾርትስቶፕ ጓንት ናት፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ለሚቆመው። ኳሱን መዥረጥ አድርጎ ለመወርወር ትመቻለች። እሷን ነበር የምወዳት።

«የት ነው የምትጫወተው?» አለኝ።

«የጎደለበት» አልኩት።

ጎበዝ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሄድኩት በ13 ዓመቴ ነው። እኩዮቼ ዱላውን ጨብጠው ያደጉ ናቸው። እኔ የነበረኝ ድንጋይ ውርወራ ያፍታታው ክንድ ብቻ ነው (የሰፈራችን መስኮቶች ይመስክሩ)። ቦታ ስላልነበረኝ ሰው በታመመበት ሁሉ ገባሁ።

አውሮፓ ላይ እንጀራዬ ይሄው ሆነ። ክለቦቹ የሚያሰልፉት የውጭ ተጫዋች በቁጥር የተወሰነ ነው። ገንዘብም የላቸውም። አብዛኞቹ የአገሩ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቶኪዮ ላይ ያን የጃፓን ኮከብ ሾሄ ኦታኒን ኳስ ሳያስመታ ያሰናበተው ቼኩ ኦንድሬ ሳቶሪያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ከውጭ አንድ ሰው ሲያመጡ የሁለት ሰው ሥራ ይፈልጉበታል። ቅዳሜ ካቸር፣ እሁድ ሦስተኛ ቤዝ፣ ማክሰኞ የሕፃናት አሰልጣኝ ነበርኩ።

ደስ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ወታደሮች ከባሕር የወረዱባት የጣሊያኗ ከተማ ኔቱኖ ጨዋታውን ከእነሱ ነው የተማረችው። እዚያ ስንሄድ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ሆነው «እግርህን ክፈት!» ይሉኛል። ልክ ናቸው ደግሞ።

ብዙዎቻችሁ «ሁሉን ልሞክር ወይስ አንዱን ልያዝ?» ትሉኛላችሁ። እኔ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። ኋላ ጀርመን ሄድኩ። በሦስተኛው ዓመት የሾርትስቶፕ ቦታ ተከፈተ። ጠየቅሁ። አሰልጣኙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተማ የትም ትሆናለህ፤ ይሄ ልጅ ግን ከዚያ ውጪ አይሆንም» አለና ለ20 ዓመት ልጅ ሰጠው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «የትም እሆናለሁ» እያልኩ ሦስቱንም ዓመት ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ሥራ ስትጀምሩ ጎዶሎውን ሙሉ፤ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ግን «የትም» ብላችሁ ዝም አትበሉ። «የትም እገባለሁ፣ ቦታዬ ግን ይሄ ነው» በሉ። ይህንንም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ተናገሩ። ከፈረማችሁ በኋላ ልመና ነው የሚመስለው።

አሁን 58 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ቁም ሳጥን ሳጸዳ ጓንቶቹን አወጣኋቸው። የካቸሩ መዳፉ አልቆ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። የትንሿ ቆዳ ግን ገና አልለሰለሰም።