የባነሩ መሐል

ይድረስ ለጠባሴ ልጆች፣

ባለፈው እሑድ አምስት ሆናችሁ ቤቴ መጣችሁ። አንደኛዋ ስልኳን አውጥታ ዝርዝር አነበበችልኝ። የሰሜን ሸዋ ታዋቂ ሰዎች ናቸው። ባነር አሳትማችሁ በወጣት ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉ ነው። ከላይ የአገር ታላላቆች፣ ከታች የሰፈራችን ሰዎች። «ጋሼ፣ የረሳነው ካለ ይጨምሩልን» አላችሁኝ። እኔም ሻይ ከማጠጣት በቀር ምንም አልረባኋችሁም። ብርዱም ነበር። የደብረ ብርሃን የኅዳር ብርድ እንኳን ሐሳብ ጥርስም አያስገጥም።

ከሄዳችሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ዝርዝራችሁ ክፉ አይደለም። ከኔ እኩዮች ይልቅ ብዙ ቆፍራችኋል። ያልተመቸኝ አጻጻፉ ነው። ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ነው። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ከዚያ ሽልማት ወይም ሹመት። «አበበ ቢቂላ፣ ጃቶ፣ የሮምና የቶኪዮ ጀግና።» «አፈወርቅ ተክሌ፣ አንኮበር፣ የዓለም ሎሬት።» «ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ መርሐቤቴ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር።» እንዲህ ሲነበብ ሰውየው ማታ ጃቶ ተኝቶ ጠዋት ሮም የነቃ ይመስላል።

እኔ ቀያሽ ነበርኩ፤ ታውቃላችሁ። 34 ዓመት የዚህን አገር ዳገትና ቁልቁለት ስለካ ኖሬያለሁ። መንገድ ሲታሰብ መነሻውንና መድረሻውን ማንም ያውቀዋል። ካርታ ላይ ሁለት ነጥብ ነው። ትልቁ ባለ ሥልጣንም በጣቱ ያሳይሃል። የእኛ እንጀራ መሐሉ ነበር። ገደሉ የት ነው? ውሃው በየት ይወርዳል? አለቱን ለመፍለጥ ስንት ቀን ይፈጃል? ባነራችሁ መሐል የለውም። ላወራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ከአበበ ልጀምር። አንቱ አልለውም፤ በእኛ ዘመን አበበ የሁሉም ቤት ልጅ ነበር። በ1924 ዓ.ም. መንዲዳ አካባቢ ጃቶ ተወለደ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ 28 ዓመቱ ነበር። ሃያ ስምንት! ከእናንተ ውስጥ በ23 ዓመቱ «ጊዜው አለፈብኝ» የሚል አለ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከጃቶ እስከ ሮም ባለው መሐል አበበ ምን ነበር? ወታደር ነበር፣ የክብር ዘበኛ። ፊሽካ ሲነፋ የሚነሳ፣ ተረኛ ሲባል የሚቆም ሰው። አሠልጣኙን ስዊድናዊውን ኦኒ ኒስካነንን ያገኘውም እዚያው ሆኖ ነው። እንጀራውን ሳይለቅ ሮጠ ማለት ነው።

በ1957 ጥቅምት ቶኪዮ ሲሮጥ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ካወጣ ገና 40 ቀን ገደማ ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ያፍታታ ነበር።

ባነራችሁ እዚህ ላይ ያቆማል። ሕይወቱ ግን አላቆመም። በ1961 የመኪና አደጋ ደረሰበትና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቀስት ማነጣጠር ተማረ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውድድር ገባ። ኖርዌይ ድረስ ሄዶ በረዶ ላይ በውሻ የሚጎተት ሸርተቴ ነድቶ አሸነፈ። የጃቶ ልጅ፣ በረዶ ላይ! ጥቅምት 1966 ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር። እኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሬዲዮው ሲናገር አባቴ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ከቤት ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም። ለኔ የአበበ ትልቁ ሩጫ ከወንበሩ ላይ ሆኖ የሮጠው ነው። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ አትስማሙ ይሆናል።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ተወለዱ። በ1940 ዓ.ም. ገና በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ምን ሊማሩ? የማዕድን ምሕንድስና። ያን ጊዜ አገር የምትፈልገው መሐንዲስ ነበር። «ሠዓሊ ላኩልን» ያለ የለም። እሳቸው ግን እዚያ ሄደው ወደ ሥዕል ዞሩ። እስቲ ለአፍታ ራሳችሁን በቦታቸው አድርጉ። መንግሥት ከፍሎ ልኳችኋል፣ ቤተ ሰብ «ልጄ መሐንዲስ ሊሆን ነው» ብሎ ለጎረቤት አውርቷል። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

አገራቸው ተመልሰው የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን ካሳዩ በኋላም «በቃኝ» አላሉም። እንደገና አውሮፓ ሄደው ባለ ቀለም የመስኮት መስታወት ሥራ ተማሩ። ለንደን፣ ፓሪስና ሮም የሚገኙትን የእኛኑ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች እያገላበጡ አጠኑ። የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። 150 ካሬ ሜትር መስታወት ነው። ለቀያሽ 150 ካሬ ሜትር ስትነግሩት ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። አንድ ቤተ ሰብ ቤት ሠርቶ ጓሮ ጎመን የሚተክልበት ቦታ ነው። ያን ሁሉ ቁራጭ በቁራጭ፣ ቀለም በቀለም። አንኮበር ለሥራ ስሄድ ሁልጊዜ ያ ይታየኛል። ከዚያ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ጠዋት ቆላውን ወደ ታች ብታዩት ብርሃኑ ራሱ የመስኮት መስታወት ይመስላል።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዝርዝራችሁ ውስጥ የሉም። አስገቧቸው። ሸንኮራ ተወልደው የግዕዝ ሊቅ የሆኑ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጥይት ተመትተው መራመድ አልቻሉም። 44 ዓመታቸው ነበር። ለብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። የእሳቸው ዋና ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጠው ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን እያነበቡ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። መጽሐፉ እንዴት ይጀምራል? ማን ጻፈው? በየትኛው ንጉሥ ዘመን? አንዱ ሲያልቅ ሌላው። በ1980 ዓ.ም. የማካርተር ሽልማትን ሲያገኙ ጋዜጣ ላይ የወጣው ሽልማቱ ነው። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ፊልም ላይ ማፍጠጣቸው ዜና አይሆንም።

ሌሎቹን ላሳጥር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከቤተ ክርስቲያን ተማሪነት ተነሥተው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን መርተዋል፣ መጽሐፍ ደርሰዋል፣ ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል። ሚኒስትርነቱ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። ሕይወታቸው ያለፈውም በስደት እንግሊዝ አገር ነው። ሰያደብር የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ሄደው የመድፍ ሙያ ተምረው፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት ጻፉ። በ1923 የወጣውን ሕገ መንግሥትም አረቀቁ። ከመድፍ ወደ ሕገ መንግሥት የሚወስደውን መንገድ እኔም ብሆን ቀይሼ አላገኘውም። ከበደ ሚካኤል ከመንዝ መሆናቸውን ጽፋችኋል፤ ደግ አደረጋችሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ተቀይሜያችኋለሁ።

ከታች በኩል «በካናዳ መሐንዲስ የሆነው የሰፈራችን ልጅ» ብላችኋል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። እናቱ ግን የት አለች? እናቱ አረቄ አውጪ ነበረች። ስድስት ልጅ ያሳደገችው በአረቄ ነው። አረቄ ማውጣት ምን እንደሆነ አታውቁም፤ ጠርሙሱን ነው የምታውቁት። ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ ድፍድፉን ጠንስሳ፣ ሌሊት ተነስታ እሳት ላይ ትጥዳለች። እሳቱ በዛ ሲል ያርራል፣ አነሰ ሲል አይወርድም። የኩበቱ ጭስ ዓይኗን ጨርሶታል። ዱቤ የወሰደውን ሰው ከበሩ ጀርባ በከሰል ጭረት ትመዘግባለች። አንድ ጭረት አንድ መለኪያ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ማንም አጭበርብሯት አያውቅም። ልጁ ሒሳብ የተማረው ከዚያ በር ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። ራሱ ነው የነገረኝ። የእሱ መሐል እሷ ናት።

ድሬሰሩንም ረስታችኋል። እናንተ ስትወለዱ ጡረታ ወጥቶ ስለነበር አልፈርድም። የዚህ ሰፈር ሰው ግማሹ መርፌ የተወጋው በእሱ እጅ ነው። ሌሊት በዝናብ ሲጠራ ፋኖስ ይዞ ይመጣል። ሚስቱ አሁንም አለች። መርፌ የሚቀቅልባት የብረት ሣጥን እሷ ዘንድ ናት።

ከመንዝ መጥቶ እዚህ የሰፈረ ባና ሠሪም ነበር። ጨርቅ በጣቱ ዳብሶ ሱፉ ከየትኛው ወረዳ በግ እንደ ተሸለተ ይናገር ነበር። አንዳንዴ ይሳሳታል። ሲሳሳት «በጉ ነው የዋሸው» ይላል።

ያቺ ስልክ የያዘችው ልጅ ልትወጡ ስትሉ «እርስዎንስ እናስገባዎ ጋሼ?» አለችኝ። አልገባም። ግን መሐል መሐል እያልኩ ስላደርቃችሁ የራሴን ልንገራችሁ።

በ1967 ዓ.ም. በ19 ዓመቴ ተቀጠርኩ። ቀያሽ ሆኜ አይደለም። ባለ ቁጥሩን ረጅም እንጨት ቀጥ አድርጎ የሚይዝ፣ ችካል የሚመታ ልጅ ሆኜ ነው። ሁለት ዓመት እንጨት ያዝኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «መንገድ ሥራ ላይ ነኝ» እል ነበር፤ እንጨት ያዥ ነኝ ማለት አፍሬ። ቆይቶ መሣሪያው ዓይን ላይ እንድቆም ፈቀዱልኝ። ያን ጊዜ ልቤ አበጠ። አንድ ጠዋት 1.46 ያነበብኩትን መዝገቡ ላይ 1.64 ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ሒሳብ ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው የውሃ ቱቦ ተቀበረ። 18 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማለት ነው።

ስሕተቱን ያገኘሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ዝም አልኩ። ይኸው ነው፣ ዝም አልኩ። «18 ሳንቲ ምን ታመጣለች» ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሐምሌ መጣ። ውሃው ቱቦው ውስጥ አልገባ አለ፤ ተጠራቅሞ የአንድ ገበሬ ገብስ ላይ ተኛ። ሄጄ ለሰውየው ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ማሳው ዳር ቁጭ አለና «ልጄ፣ ውሃ ቁጥር አያውቅም፣ ቁልቁለት ነው የሚያውቀው» አለኝ። ለአለቃዬም ነገርኩ። ከቀን ሠራተኞቹ ጋር አካፋ ይዤ ቱቦውን አወጣነው፣ እንደገና ቀበርነው። ከደመወዜ ለገብሱ ከፈልኩ። ወደ እንጨት ያዥነት ተመለስኩ፤ ሌላ አንድ ዓመት። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ ሌላ ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሳያነብልኝ የጻፍኩት ልኬት የለም። ወጣት ቀያሾች ይስቁብኝ ነበር። ዲጂታሉ መሣሪያ ከመጣ በኋላ እንኳ አልተውኩም።

እናንተ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። በእኛ ጊዜ እንጨት ያዥነቱም ቢሆን ይገኝ ነበር። አሁን ዲግሪ ይዞ ቤት የሚውል ልጅ በየበሩ አለ። መንገዱም እንደ ልብ የሚያስኬድበት ጊዜ አይደለም። ስለዚህ «እንደኔ ታገሡ» ብዬ ልመክራችሁ አልደፍርም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የሰው ስም ስትጽፉ በ25 ዓመቱ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁ። ማን ያበላው እንደነበር ጠይቁ። ምን ጀምሮ ምን እንደተወ ጠይቁ። ይህን ስታውቁ ዛሬ የቆማችሁበት ቦታ ምናልባት ያን ያህል የሚያሳፍር አይመስላችሁም። ሱቅ ውስጥ እቃ የምትመዝነው ልጅ፣ ባጃጅ የምትነዳው አንተ፣ ለእናንተ ነው የምለው።

ለመጀመር ድሬሰሩ ቤት ሂዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚስቱ እቤት ናቸው። ጆሯቸው ትንሽ ከብዷልና ቀረብ ብላችሁ ተናገሩ። ስልክ ስታወጡ አይወዱም፤ ደብተር ያዙ። የአረቄ አውጪዋን በር ደግሞ አሁን ያለው ተከራይ ቀለም ሊቀባው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ጭረቶቹ ገና አሉ። ሳይቀባ ፎቶ አንሡት።

የማዕከሉን ግድግዳ ሐሙስ ዕለት ሄጄ ለካሁት። ባነሩ 3 ሜትር ነው ብላችሁኝ ነበር። ግድግዳው ከበሩ ጥግ እስከ መስኮቱ 4 ሜትር ከ20 ነው። የሚተርፈው 1 ሜትር ከ20 ለመሐሉ ይበቃል። ቁጥሩን ጮክ ብላ ያነበበችልኝ የልጅ ልጄ ናት።